የማይለቀው እድፍ

ኅዳር 9 ቀን፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ

ለአንድዬ ልጄ፤

እኛ ደህና ነን፤ የታመመው ግድግዳው ነው። ከመስኮቱ በስተቀኝ መዳፌን የሚያህል ግራጫ እድፍ ወጥቶበታል። ገና ያላየሁትን የልጅ ልጄን ይዘሽ ልትመጪ ስትይ፣ አርባ ዓመት የሰው ቤት ቀለም የቀባ ሰው በገዛ ግድግዳው ሊዋረድ ነው? ስለዚህ ጉባኤ ጠራሁ። ጉባኤተኞቹ እኔ፣ እናትሽና ጎረቤታችን ጄኔራሉ ነን። (ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን፤ እሱ ጡረታ የወጣው ከመጋዘን ጥበቃ ነው።)

ጄኔራሉ የመኪና ማጠቢያ ፓምፑን እየጎተተ መጣ።

«ጋሼ፣ አንዴ ብለቅበት ብን ይላል!»

«ልስኑም አብሮ ብን ይላላ። ውሃውም በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ አልጋዬ ላይ ይተኛል።»

«እሺ፣ አሲድ?»

«ሲሚንቶውን ይበላዋል።»

«በረኪና ብንቀላቅልበትስ?»

«እሱስ ጥሩ ነው፤ ጭሱ ሦስታችንንም ይገላግለናል።»

እናትሽ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባልዲ እያቀበልሽኝ ነው ያደግሽው። መጀመሪያ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ይሞከራል። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ እፍኝ የማትሞላ የዱቄት ሳሙና። የመብራት ቆጣሪው በላስቲክ ይሸፈናል። ሳሙናው ከታች ወደ ላይ ይቀባል፣ አለዚያ የሚንጠባጠበው መስመር ሠርቶ ይቀራል፤ ሲለቀለቅ ግን ከላይ ወደ ታች ነው። መሰላል እናትሽ ስለከለከለችኝ ብሩሹን ረጅም እንጨት ላይ አሰርኩት። ሦስት ቀን አሸሁ። ወገቤ ሥራውን የለቀቀው በሁለተኛው ቀን ነው። እድፉ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አንተ ሰውዬ፣ የቱ ጋ ነው?» ትለኛለች እናትሽ።

«ይኸው! እጄን ያደረግሁበት!»

«እጅህን ያደረግህበትማ ጥርት ያለ ግድግዳ ነው።»

ዓይኗን ጠረጠርኩ። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ይህን የሚያህል ነገር የማታይ?

በአራተኛው ቀን እድፉ ወደ በሩ ተዛወረ። እንጨት ነውና ውሃ አላበዛሁበትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። በማግስቱ የጄኔራሉ አጥር ላይ አገኘሁት። «ወረርሽኝ ነው፣ አንተም ጋ ገብቷል!» አልኩት። አጥሩን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ብሩሹን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና «ጋሼ፣ ለዛሬ ይብቃዎ» አለኝ።

ትናንት የሕፃኑ ፎቶ ደረሰን። ጉንጩ ላይ ያው እድፍ። እናትሽ ጓዳ እያለች በመሀረቤ ጠረግሁት፤ በደረቁ፣ በስሱ፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ጥጉን። አልለቀቀም። ቀኝ ዓይኔን በእጄ ከደንኩና ደግሜ አየሁት። ጉንጩ ንጹሕ ነው። ለካ ያንቺን አገጭ ነው የወሰደው።

ባልዲውን ደፍቼዋለሁ፤ ደክሞኛል ልጄ። ማክሰኞ እናትሽን ዓይን ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። እንዲህ ስላት «የኔ ዓይን ምን ሆነና?» አላለችኝም። «መንገድ ስንሻገር ክንዴን ትይዛለህ» ብቻ አለችኝ።

አንቺ አትጨነቂ። ቢመችሽ ግን ከተባለው ቀን ትንሽ ቀደም በዪ፤ ሕፃን ልጅ ቶሎ ያድጋል። ስትጽፊም ፊደሉን ጎላ አድርጊው፤ እናትሽ መነጽሯን የት እንደጣለችው እንጃ።

ክፉ አይንካችሁ፣ እንቅልፋችሁ ይጣፍጥ፣ ደጃችሁ ብርሃን ይሁን። ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም።

አባትሽ፣ ቀለም ቀቢው

ሳልረሳው፦ ግድግዳው ደህና ነው።