ለገዢዎቹ ያልነገርኳቸው

ጂንካ፣ ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዛሬ ቤቴን የሚገዙት ባልና ሚስት መጡ። ደላላው ዝም ይበሉ ቢለኝም፣ መብራቱ ከጎረቤት ቆጣሪ የተቀጠለ መሆኑን አልደበቅኳቸውም። ሰውየው የራሳችንን እናስገባለን አለ። ሚስትየው ሳሎን ገብታ፣ "እትዬ፣ በዚህ ሙቀት ቤትዎ እንዴት ደስ ይላል፣ ቀዝቀዝ ያለ! ቬንትሌተርም አያስፈልገንም" አለችኝ። ተስማማን።

ሲወጡ ሰውየው ጣሪያው ላይ የተንሰራፋውን ማንጎ አየና፣ "ይሄን እንቆርጠዋለን፤ ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል" አለ።

ማንጎውን የተከለው ባለቤቴ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ያለ ጥላ ቀን ቀን አያስቀምጥም ብሎ። እሱ ከሞተ ወዲህም ጥላው አልተለየኝም። ቅዝቃዜው ከዛፉ እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ሚስትየው ቤቱን መልቀቅ ከብዷቸው ነው ብላ አቀፈችኝ።

የጎረቤቱን ቆጣሪ ነግሬ፣ የባለቤቴን ማንጎ ሳልነግራቸው ሄዱ።