ኤላው የተዘጋበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር 6፣ አመሻሽ
ሱቅ ከፍቼ ዋልኩ። እጄ ሥራ አይዝም። ሁሴን ከዶሎ ኦዶ ስኳር ጭኖልኝ ሲመጣ ሽፍቶች መንገድ ላይ ገደሉት። አብረን ነው ያደግነው። ከሰዓት ወታደሮች መጡ። ኦሮምኛ የሚያስተረጉምላቸው ሰው ይፈልጋሉ። እሺ አልኩ። ካንተ ልደብቅ አልችልም ማስታወሻዬ፤ ገዳዮቹ ተይዘው ማየት አማረኝ።

ረቡዕ፣ ቀትር
ከወታደሮቹ ጋር ከብት አርቢዎቹ መንደር ደረስን። አዛዣቸው ሻምበሉ ገና ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት። ሽፍቶቹ እዚህ ዘመድ አላቸው ብሎ ኤላውን፣ መንደሩ ሁሉ የሚጠጣበትን ጥልቅ ጉድጓድ፣ አስከበበ። ለሰው በጄሪካን ይቀዳል። ከብት ግን ሽፍቶቹ እጃቸውን እስኪሰጡ አይጠጣም። ይህን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።
አባ ጉዮ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ቀረብ አሉ። አካም፣ ናጋ እያልን በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አባቴን ያውቁታል፤ ጨው ይሸጥላቸው ነበር።
"ታዲያ ይህን ነገር ካንተ ልስማ?" አሉኝ።
ይቺን ለሻምበሉ አላስተረጎምኩለትም።

ሐሙስ
ከብቱ ሲጮኽ አደረ። ጊደር ወድቃ አየሁ፤ መነሳት አቅቷታል። ሁሴንን እያሰብኩ ልቤን ላደነድን ሞከርኩ። አልሆነም።

ዓርብ፣ ጠዋት
አባ ጉዮ ሻምበሉ ዘንድ መጡ። ከሽፍቶቹ አንዱ፣ ጂሎ፣ የእህታቸው ልጅ ነው። ሄደው ሊያመጡት ፈቀዱ፤ ኤላው ይከፈት፣ ልጁም በሕግ ይጠየቅ እንጂ አይገደል ብለው። ሻምበሉ ተስማማ።
"ማንም አይነካችሁም በላቸው።"
ሻምበሉ እንዳለኝ አልኳቸው።
ኤላው ተከፈተ። ሻምበሉ ከብቱ ሲጠጣ ቆሞ አየ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ። እሱም ባለፈው ወር ወታደር ሞቶበታል።
አባ ጉዮ ሊሄዱ ሲሉ ጠየቅኳቸው፤ ጓደኛዬን የገደለው ጂሎ ነው ወይ?
"አላውቅም ልጄ። ሲመጣ ራስህ ጠይቀው።"

እሑድ
መጻፍ አቃተኝ። ላሳጥረው።
በማዶ የሚዘዋወሩ ሌሎች ወታደሮች ነበሩ። ስምምነቱን የነገራቸው የለም። አባ ጉዮና ጂሎ ጎን ለጎን ሲመጡ አዩ። ጂሎ ጠመንጃ ይዟል፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ። ተኮሱ።
ጂሎ ወዲያው ሞተ። አባ ጉዮ እስክንደርስ ነፍሳቸው አልወጣችም። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አዩኝ፣ ከዚያ እሳቸውም ሞቱ።
ጂሎ ገና ጢም እንኳ በደንብ አላበቀለም። አሁን ማንን ልጠይቅ? የሁሴን እናት ስትጠይቀኝስ ምን እላታለሁ?
ሻምበሉ ሬዲዮው ላይ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ማክሰኞ፣ ነጌሌ፣ ቤቴ
ሻምበሉ ሰው ላከብኝ። በሬ ይዞ ሄዶ መንደሩን ይቅርታ ሊጠይቅ፣ እኔ ላስተረጉምለት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያስጨንቀኝም ይህ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።
በወታደር መኪና አልሄድም አልኩት። ከእናንተ በፊት ለብቻዬ ሄጄ የአባ ጉዮን ባለቤት፣ አዴ ዳኪን፣ አያለሁ። እናንተን የሚቀበሏችሁ ከሆነ መልሱን አመጣላችኋለሁ አልኩት።
ሚስቴ አትሂድ፣ ይገድሉሃል ብላ አለቀሰች። ልትሳሳት ትችላለች። ላትሳሳትም ትችላለች።
ነገ በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግሬ። ተመለስ ካሉኝ እመለሳለሁ። ግባ ካሉኝ፣ ለቅሶው እስኪያልቅ እቀመጣለሁ።