ወላጆችን ወደ ክፍል ያስገቡት የመምህርት ሸዋአለም ተሰማ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሸዋአለም ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ወርቄ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማዘንጊያ አድማሱ በ1955 ዓ.ም. ጭልጋ ተወለዱ። ጎንደር በመምህርነት ሠልጥነው ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1980 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ካርቱም ውስጥ ከአቶ ሻምበል ቢረሳው ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ያረጋልን ወለዱ። ባለቤታቸውን በ2001 ዓ.ም. በሞት ተነጠቁ።

ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማሩት የስደተኛ ልጆች በሚማሩባት አንዲት አነስተኛ ትምህርት ቤት ነው። በ2009 ዓ.ም. ልጆቹን "ቤታችሁን ሳሉ" ቢሏቸው፣ በብዙዎቹ ሥዕል ውስጥ እናት አልነበረችም። እናቶቹ አል-ማንሺያና ዐማራት በሚባሉ የካርቱም ሀብታም ሰፈሮች በሰው ቤት እያደሩ ይሠሩ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ቀን ወላጆችን ክፍል ውስጥ ከልጆቻቸው ጎን ያስቀምጡ ጀመር። እናቶች ከጨርቅ አሻንጉሊት ይሰፋሉ፤ ዘበኛ የሆኑ አባቶች ተረት ሲያወሩ ልጆቹ ይሥሉታል።

ሰርካለም የምትባል የዐማራት ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን "እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ምን ላስተምራት?" ብላ በር ላይ ቀርታ ነበር። እጇን ይዘው አስገቧት። ከሱዳናዊ አባት ከወለደቻት ልጇ ከማላዝ ጋር የካርቶን ቤት መሥራት ጀመረች።

በሱዳን አብዮት ወራት አሠሪዋ ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ስለከለከሏት ሰርካለም ሁለት ጊዜ ቀረች። ሸዋአለም ደውለው "ሰኞ ግን እንዳትቀሪ፤ ልጅሽ ትጠብቅሻለች" አሏት። ያ ሰኞ ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ንጋት ላይ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ የከፈቱት ተኩስ ሲሰማ ሸዋአለም "አትምጡ" የሚል መልእክት ለወላጆች ሁሉ ጻፉ፤ ኔት ተቋርጦ ስለነበር አልሄደም። ቢደውሉም አልገባላቸውም። ሰርካለም በእግሯ ስትመጣ መንገድ ላይ በጥይት ተመትታ ሞተች።

ማላዝን ወደ ቤታቸው ወስደው አሳደጉ። የወላጆችን ቀንም አላስቀሩም። ነገር ግን ማንም ሳያንኳኳ ተነሥተው በር ይከፍቱ ነበር። የወላጆችን ስም ሲጠሩ የሰርካለምንም ይጠሩና ጥቂት ይጠብቃሉ። ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው "ቢልልኝ፣ እግሯ ደጅ ድረስ ሲመጣ እሰማዋለሁ፤ አትገባም እንጂ" ይሉኝ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ሶባ ሆስፒታል ገቡ። አፍነው የያዙትን ለማላዝ የነገሯት እዚያ ነው። "እናትሽን የጠራኋት እኔ ነኝ" አሏት።

ማላዝ ቀና ብላ አላየቻቸውም። "ወላሂ አውቃለሁ፣ እትዬ። 'ጥሪልኝ' ብዬ ያስቸገርኩሽ እኔ አይደለሁ?" አለች።

ሸዋአለም ይህን ረስተውት ነበር። አልጋው ላይ አስጠግተዋት፣ እስኪመሽ ድረስ እጇን አልለቀቁም።

ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ያረጋል፣ እኔ ወንድማቸው ቢልልኝ፣ እናት ሁለት ጊዜ የሞተችባት ማላዝ፣ ተማሪዎቻቸውና የተማሪዎቹ ወላጆች በሐዘን ቀርተናል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያኑርልን። ባላጠፉት የተሸከሙትን ከላያቸው ያውርድላቸው፤ ለማላዝም በሕይወቷ ሳለች እንዲሁ ያድርግላት። አሜን።