ሽመላችንን ወደ ውጭ አገር ለሸኙልን ክቡር ከንቲባ

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋናችንን በአደባባይ ስለ መግለጽ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ እንከን የማይገኝለት፣ እንቅልፍዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከአዲሱ አደባባይ ጀርባ ባለው ቤት ከአባቴ ጋር የምኖር ሴት ስሆን፣ ይህን የምጽፍልዎ ለአባቴ የውጭ አገር ጉዞ እያዘጋጀሁ ስለሆነና ጉዞውም ያለ እርስዎ ያላሰለሰ ጥረት ፈጽሞ የማይታሰብ ስለነበር ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አሁን ዓይኑ እየደከመ ሄዷል፤ ሐኪሙም ማየት የሚፈልገው ነገር ካለ ውሎ ሳያድር ይየው ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ምን ማየት እንደሚፈልግ ብጠይቀው፣ ድሮ ከጓሯችን ረግረግ ላይ ጠዋት ጠዋት በአንድ እግሩ ሲቆም ያየው የነበረውን ሽመላ አለኝ። የእኔን ሰርግ እንኳ አልመረጠም፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ቀድሞ ቢሆን ለዚህ የመኝታ ክፍሉን መጋረጃ መግለጥ ይበቃው ነበር። ረግረጉ ከተደፈነ ወዲህ ግን አባቴ ያን መጋረጃ አንድ ቀንም ገልጦ አያውቅም፤ በእርስዎ ዘመን ሽመላ ለማየት ፓስፖርት፣ ቪዛና አውሮፕላን ያስፈልጋል። ስለዚህ የጉዞውን ዕቅድ ከነምክንያቱ በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ. መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ረግረግ ነው። የእኛን አስደፍነው ፏፏቴ ያለበት አደባባይ ስላሠሩልን እናመሰግናለን፤ ፏፏቴው ውሃ ባይኖረውም መሃሉ ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ሽመላ ቆሞበታል፣ እውነተኛው ምን ይመስል እንደነበር እንዳንረሳ መሆኑ ነው። አባቴ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ሲለምንዎ፣ ወፍ ክንፍ ስላለው ቦታውን ፈልጎ ያገኛል ብለው በፈገግታ እንደሸኙት አይዘነጉትም። እውነትዎን ነው፣ በሰው አገር አግኝቷል። የዚያ አገር አስጎብኚ ግን ሽመላ ለማየት ብሎ ድንበር የሚሻገር ሰው ገጥሞት ስለማያውቅ የተሳሳትኩ መስሎት የብርቅዬ ወፎች ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ እኔም በእኛ ከተማ ብርቅ የሆነው ተራው ወፍ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

፪ኛ. ቀጥሎ ጫካ እንገባለን። የመንገዳችንን ዛፎች አስቆርጠው በምትካቸው ሲመሽ የሚያበሩ የፕላስቲክ ዘንባባዎች ተክለውልናል። ግንደ ቆርቁራችን በቅን ልቦና አንድ ጠዋት ሙሉ ሞከራቸው፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየነውም።

፫ኛ. ሣር ሜዳ። የእኛው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ቆቆቹ መኪና ስለሌላቸው ሊጠቀሙበት አልቻሉም።

፬ኛ. በመጨረሻ የባሕር ዳርቻ እንጎበኛለን። ባሕር በከተማችን ኖሮ ስለማያውቅ በዚህ ረገድ እጅዎ ንጹሕ ነው፤ ባሕሩም ዕድለኛ ነው።

ክቡርነትዎም ረግረግ እንዴት እንደሚጠበቅ ለማጥናት፣ የልምድ ልውውጥ በሚል ከብዙ ተከታዮች ጋር ወደዚያው አገር እንደሚሄዱ ሰምተን ተደስተናል። ምናልባት አንድ ጀልባ ላይ ከተገናኘን፣ አባቴ በሩቅ ማያ መነፅሩ ሲመለከት ንግግር እንዳያደርጉ በትሕትና እለምናለሁ፤ የዚያ አገር ወፎች ገና አልለመዱዎትም።

ውለታዎን መስኮት በከፈተች ቁጥር የምታስታውስ፣ ለሥልጣንዎ እንጂ ለሲሚንቶዎ ዕድሜ የማትመኝ፣ አክባሪዎ
የሰዓት ሠሪው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ማለዳ አባቴ ከመኝታ ክፍሉ በሹክሹክታ ጠራኝ። መጋረጃውን ገልጦ መስኮቱ ላይ ቆሟል። ሽመላው እንደተመለሰ፣ እንዳይደነግጥም ኮቴዬን ሳላሰማ ቀስ ብዬ እንድመጣ ነገረኝ። የሚያየው የእርስዎን ሲሚንቶ ነበር። አብሬው ቆሜ፣ አዎ እሱ ነው አልኩት። ጉዞውን ሰርዣለሁ። እንኳን ደስ አለዎት ክቡር ሆይ፤ ሐውልትዎ በመጨረሻ አንድ አድናቂ አግኝቷል፣ እሱም ዓይኑ ስለማያይ ነው።