ግማሽ ክኒን ለእሷ፣ ግማሽ ክኒን ለእኔ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከስፌት ሱቁ

ይድረስ ለማትጠገቢው ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አይደለም፤ አሁን ተለክተን፣ ተመርምረን ነው ደህና የሆንነው። እናትሽ "ይሄን ነገር ለልጅቷ እንዳትጽፍ" ብላኛለች። እሺ ብያት ወጣሁና ወረቀት ገዝቼ ተመለስኩ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ነርስነቱ ላይ ተጨማሪ ተምረሽ መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ማግኘትሽን ስትነግሪን፣ ሱቁን ዘግቼ ሰፈሩን አዳረስኩት። ከዚያ ቀጥለሽ "አባዬ፣ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ሰው የምገድል ይመስለኛል፤ ፈቃዱን ልመልሰው ይሆን?" ብለሻል። ይሄኛውን ለማንም አላወራሁም። አንጀቴን ስለበላሽው ነው የኛን ጉድ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

የእናትሽን ደም ግፊት ታውቂያለሽ። ክኒን የታዘዘላት ሰሞን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ስታገላብጠው ቆየችና "ብቻዬን የምውጠው እኔ ምን አጥፍቼ ነው? አንተ ካልዋጥክ አልውጥም" አለች። አልውጥም ካለች ደግሞ አትውጥም። እኔና እሷ ከተጋባን ጀምሮ ያልተካፈልነው ነገር የለም፤ ብርድ ልብሱን እንኳ እንካፈላለን፣ እሷ ትንሽ ታበዛለች እንጂ። ስለዚህ የመተርተሪያ ምላጬን አወጣሁና ክኒኑን ለሁለት ሰነጠቅሁት። ዓይኔ ቢደክምም እጄ አልከዳኝም፤ ሁለቱን ግማሾች ሚዛን ላይ ብታስቀምጫቸው አይበላለጡም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ። እንደኔ ያለ ባል የት ይገኛል እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ታዲያ የእናትሽ ግፊት አልወርድ ሲል የኔው ወረደ። መጀመሪያ ከወንበር ስነሳ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር። ቀጥሎ አንድ ቀን ጠበቃ ደንበኛዬን ያሰፋውን ሱሪ አስለብሼ፣ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ቁመቱን በስፒል እያያዝኩ ሳለሁ፣ "ጨረስን" ብዬ ብድግ ስል እላዩ ላይ ተደፋሁ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን። እሱ የሚጮኸው ስፒሉ ስለወጋው ነው፣ እኔ ዝም ያልኩት ራሴን ስቼ ነው። ጫማ ሰሪው ጎረቤቴ ሮጦ ሲገባ ጠበቃው ላይ ተኝቼ አገኘኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር "ክሱ ምን ደረሰ?" ይለኛል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ እናትሽን የምትከታተላት አንቺን የመሰለች ነርስ አለች፤ እሷም ተምራ መድኃኒት የምታዝ። ሰፈሩ "ሲስተር እስቲ" ይላታል፤ ያለ እስቲ አፏን አትከፍትማ። እስቲ ምላስዎን፣ እስቲ ይቁሙ፣ እስቲ ትናንት ምን በሉ። እናትሽ ቀጠሮዋ ደርሶ አብረን ሄድን። ሲስተር ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካች። ፊቷ ተለወጠ።

"እማማ፣ ይሄ በዚህ ከቀጠለ ስትሮክ ያመጣብዎታል" አለቻት፣ ሳትሸፋፍን።

እናትሽ የኮቴን ጫፍ ጨምድዳ ያዘች። ልጄ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አሁን መድኃኒቱን ትጨምርላታለች ብዬ እጇን እጇን አያለሁ። ብዕሯን አነሳች፣ ወረቀቱ ላይ አደረሰችው፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

"እስቲ ቤት እንዴት አድርገው እንደሚውጡት ያሳዩኝ" አለች።

ምን የሚታፈር ነገር አለው ብዬ ምላጬን ከኪሴ መዘዝኩ።

"አባባ! ምንድነው እሱ?"

"አይዞሽ፣ ንጹሕ ነው።"

ይዘነው የመጣነውን ክኒን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ሰነጠቅሁት። ግማሹን ለእናትሽ ሰጥቼ ግማሹን ወደ አፌ ሳደርስ ሲስተር ከጠረጴዛው ማዶ ተወርውራ እጄን ያዘች።

"እርስዎም ደም ግፊት አለብዎት?"

"ኧረ የለብኝም!"

"ታዲያ ለምን ይውጣሉ?"

"ባሏ ነኛ!"

ሳቋን ለማፈን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መለስ ስትል ግን ኮስተር ብላ "እስቲ፣ ሌላስ የምትካፈሉት መድኃኒት አለ?" አለች። የዓይን ጠብታዬን ነገርኳት፤ አንዱ ዓይን የኔ፣ አንዱ ዓይን የእሷ። አሁንም ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችን። ክኒኑ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሟሟ ሆኖ የተሠራ ነው አሉ። ሲሰነጠቅ መድኃኒቱ ባንዴ ይለቀቃል፤ እኔን ባንዴ ይደፋኛል፣ እናትሽን ደግሞ ቀኑ ሳይጋመስ ያልቅባታል። "አባባ፣ አቆራረጥዎ ግሩም ነው። ግን ይሄ ጨርቅ አይደለም" አለችኝ። ለሐኪሙም ደውላ ተማከረች። አንድም መድኃኒት አልተጨመረም፤ የነበረው ሙሉውን ይዋጥ ተባለ።

አየሽ ልጄ፣ ብዕሯን ሳታስቀምጥ ጨምራ ብትጽፍ ኖሮ እኔ የጨመረችውንም እሰነጥቀው ነበር። ያኔ ጠበቃም አያነሳኝም። እሷም እንዳንቺው ፈርታ ይሆናል፤ ፈርታ ግን አልሸሸችም፣ ጠየቀች። አንቺም ሲያስፈራሽ ብዕሩን ቁጭ አድርጊውና ሰውየውን ጠይቂው። ፈቃዱን እንዳትመልሺ፤ ስንት እንደኔ ያለ ምላጭ የያዘ ሰው አለ መሰለሽ!

እናትሽ ግን "ብቻዬንማ አልውጥም" ብላ እዚያው አኮረፈች። ሲስተር እኔን ውጪ አስቀምጣ አነጋገረቻት። ስመለስ ትእዛዙ በጽሑፍ ተሰጠኝ፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ክኒኑ ሳይቆረጥ ይዋጣል። ውሃውን ባል ራሱ ይቀዳል። ባል አጠገቧ ቁጭ ይላል፤ ከዋጠች በኋላም ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አይነሳም። ለምን ብላት "ለክትትል ነው አባባ፣ አንድም ቀን እንዳይዘልሉ" አለችኝ። ሕክምና እንዲህ ረቋል! ደንበኞቼ ሱቅ አርፍደህ ትከፍታለህ ብለው ሲያጉረመርሙ ወረቀቱን አሳያቸዋለሁ። ባለፈው ስንለካ ግፊቷ ወርዷል፤ የኔም ወደ ቦታው ተመልሷል። ደስ ብሎኛል ልጄ፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

የምትጽፈው እጅሽ ፈውስ ይሁን። ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ብርዱን ተጠንቀቂ።

የሚወድሽ አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው

ልጄ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ሱቁን ጠብቂ ብሎኝ ፖስታ ሊገዛ ወጣ ሲል ነው ይቺን የምጨምረው። ብቻዬን መዋጥ ያቃተኝ እንዳይመስልሽ። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ሱቁ ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ጭር ይልብኛል። ክኒኑ ሲመጣ ግን እስኪሰነጥቅ፣ እስኪያካፍል አጠገቤ ይቀመጥልኝ ጀመር። የሚጥለው ያ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አንዲት ቀን አላስውጠውም ነበር። ነርሷ ስትከለክለን ለሷ ብቻ ይሄንን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ብዕሯን አነሳች። እሱ ትእዛዙ ለግፊቴ ብቻ ይመስለዋል። እንዳትነግሪው።