ሳቅንና ፍርሃትን በአንድ መቀስ ያዋሃዱት የእታለም የሕይወት ታሪክ

እታለም በ1945 ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተር እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ታናሽ ወንድማቸው አፉን ሲፈታ «እታለም» ብሎ ስለጠራቸው ሰፈሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በኋላም የሥራ ባልደረባው ሁሉ በዚሁ ስም ጠራቸው። ይህን የጻፈው ያው ወንድማቸው ነው። ነገሩን ለስለስ አድርጎ እንዲጽፍ ከአንዳንድ ወገን ምክር ቀርቦለት ነበር፤ አልተቀበለውም።

አባታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለዱላ እጃቸው ፈጣን ነበር። ቁልፉ በሩ ላይ ሲንኳኳ ሁለቱ ልጆች አልጋ ሥር ይገባሉ። እታለም ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባታቸው ገብተው አልጋው ላይ ተቀመጡና ለራሳቸው «ነጠላ ጫማዬን የት አባቱ አደረግሁት?» አሉ። አልጋ ሥር ተኝቶ የነበረው የስድስት ዓመት ወንድማቸው በድንጋጤ ጫማውን ገፋ አድርጎ አቀበላቸው። አባት «ተባረክ» ብለው አንድ እግራቸውን አጠለቁ። ከዚያ ቀጥ አሉ። እታለም በአንድ እጃቸው የራሳቸውን፣ በሌላው የወንድማቸውን አፍ አፍነው፣ ሳቅም ፍርሃትም አንድ ላይ ይዟቸው ጠበቁ። አባታቸው ጎንበስ ብለው አላዩም። ተነሥተው ወጡ። በዚያ ቀን ማንም አልተመታም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1963 ጨርሰው በዚያው ዓመት በአንድ የፊልም ድርጅት በፊልም አያያዥነት ተቀጠሩ። ሥራው የተቆረጡ ፊልሞችን በሙጫ ማያያዝ ነው። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን መስኮት የለውም። የሙጫው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ የፊልም ቁራጮች ከግድግዳው ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተው ይውላሉ። ሰባት ዓመት ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቀው ከሠሩ በኋላ በ1970 ዋና አርታኢ ሆኑ። በ1972 ከድርጅቱ የድምፅ ባለሙያ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ድርጅቱ የሚታወቀው በስለላ ፊልሞቹ ነበር። በእነዚያ ፊልሞች ሰላዩ ይተኩሳል፣ መኪና ይገለበጣል፣ ከዚያ አንድ ጅል አሽከር ገብቶ ይንሸራተትና ሰው ይስቃል። ከዚያ እንደገና ይተኮሳል። እታለም ይህንን አልወደዱትም። «የሚያስፈራውና የሚያስቀው ለየብቻ ከሆነ ሁለቱም ውሸት ነው። እየፈራ የሚያስቅ ሰው ስጡኝ» ይሉ ነበር። ስድስት ፊልሞችን በዚህ መንገድ አዋሃዱ። ተመልካች እየሳቀ የወንበሩን እጀታ የሚጨብጠው በእሳቸው መቀስ ነው።

ሰባተኛው ፊልም በ1982 ተሠራ። ሰላዩ የኮሎኔሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቋል። ኮሎኔሉ ወረቀት እያነበበ፣ ሳያይ እጁን ወደ ሣጥኑ ይዘረጋል። ኮቱን ነው የፈለገው። ሰላዩ የሚያደርገው ቢጠፋው ኮቱን አንሥቶ ያቀብለዋል። ኮሎኔሉ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። ከዚያ ይቆማል። ጀርባው ብቻ ይታያል፤ ሙዚቃ የለም፣ ኮሽታ የለም። እታለም ያንን ጀርባ ለአሥራ አንድ ሰከንድ አቆዩት። ትዕይንቱን ለፊልሙ ደራሲ የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ከየት እንዳመጡት ወንድማቸው ያውቃል።

የድርጅቱ ፕሮዲውሰር (አንቱ ማለት ለጸሐፊው ከብዶታል፣ ይቅርታ) ፊልሙን አይቶ ተነሣ።

«ይሄ ዝምታ ምንድነው? ሰው ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይወጣብናል። ጥሩምባ አስገቢበት፤ ይሳቁ።»

«ጥሩምባ ከገባ ሰውየው እንደማይሞት ያውቃሉ» አሉ እታለም። «እንደማይሞት ካወቁ ምኑ ያስቃቸዋል?»

«ቁረጪ ስትባይ ቁረጪ! ሥራሽ መቁረጥ ነው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲሉት የኖሩት ሰውዬ ላይ በዚያች ቅጽበት ቃላቸው ተለወጠ። «አንተ ቁረጠው» አሉና መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

በማግስቱ ጠዋት ሲመጡ የክፍሉ ቁልፍ ተቀይሮ ነበር። ጓንታቸውና የወንበር ትራሳቸው በካርቶን ሆኖ ዘበኛው ዘንድ ጠበቃቸው። ፊልሙ ጥሩምባ ገብቶበት ወጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት አዳራሹ ባዶ ሆነ። ፕሮዲውሰሩ ለጋዜጣ «አርታኢዋ አበላሸችብን» አለ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር እታለም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፊልም ሥራ የሚሰጣቸው አጡ። የሠርግ ቪዲዮ ቆረጡ። ወንድማቸው፣ ያሳፍረዋል፣ «እታለም፣ በቃ ይቅርታ ጠይቂውና ተመለሺ» ብሏቸው ነበር። «ምን አጥፍቼ?» ብለው ሁለት ወር ዘጉት። ልክ ነበሩ።

ባለቤታቸው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። የመጀመሪያውን፣ የእታለምን ቅጂ፣ ድምፅ ማከማቻው ውስጥ «ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ» ከሚል ካርቶን ሥር ደብቀውት ነበር። በ1991 የአንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ጠይቆ ተቀበላቸውና ቅዳሜ ከሰዓት አሳየው። ወንድማቸው ከእታለም ጎን ተቀምጧል። ኮሎኔሉ ኮቱን ሲቀበል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲቆም ሳቁ ተቆረጠ። ከፊት የነበሩ አንዲት ሴት የማያውቁትን ሰው ክንድ ጨመደዱ። ከኋላ አንዱ «አትተንፍስ አንተ!» ብሎ ሰላዩ ላይ ጮኸ። እታለም ፊልሙን አላዩም፤ ዞረው የሰዉን ፊት ነበር የሚያዩት። ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር።

ፊልሙ ከዚያ አገር ለአገር ዞረ፣ ተሸለመ። ሽልማቱን የተቀበለው ማን ነው? እሱ፣ ፕሮዲውሰሩ ነው። «ዝምታው የእኔ ሐሳብ ነበር» ብሎ ቆሞ ተናገረ፣ ተጨበጨበለትም። በፖስተሩ ላይ «አርታኢ» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈው የእሱ ስም ነው። እታለም አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። አንድ መልስ መጣ፦ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው።» ይኸው እስከ ዛሬ እየታየ ነው።

ከ1993 ጀምሮ ለአሥራ አራት ዓመት በአንድ የፊልም ማሠልጠኛ አርትዖት አስተማሩ። ባለቤታቸው በ2009 ዐረፉ። በ2014 የእታለም ሳንባ ታመመ። ሐኪሟ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ጠይቃ፣ ስለ ሙጫውና መስኮት ስለሌለው ክፍል ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለዚያ ክፍል የአየር ማስወጫ እንዲገባ ሦስት ጊዜ ጠይቀው ነበር። በፕሮዲውሰሩ ፎቅ ላይ ግን ሁለት ማስወጫ ነበረ።

ባለፈው ወር ድርጅቱ ፊልሙን አድሶ እንደገና አወጣ። ትልቋ ልጃቸው ሆስፒታል አልጋቸው ላይ በስልኳ አሳየቻቸው። የሠራተኞቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ስማቸው ወጣ፦ ረዳት። እታለም የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፋቸው አወረዱና «ረዳት? የማን ረዳት?» አሉ። ከዚያ ሳሉ፤ ሲስሉም ይስቁ ነበር፤ ልጆቻቸው መሳቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ገብቷቸው እጃቸውን ያዙ። ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ረፋድ ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ከድርጅቱ «ለውድ ረዳታችን» የሚል ጥብጣብ የታሰረበት የአበባ ጉንጉን መጣ። ትንሿ ልጃቸው ከበር መለሰችው። ያመጡት ሰውዬ ከኋለኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ መልእክተኛ ናቸውና ማንም ክፉ አይናገራቸው። ላኪያቸው ዘንድ ሲመለሱ ግን ይህንን ወረቀት ይዘውለት ይሂዱ።

እታለም የሁለት ሴቶች ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት፣ የአንድ ወንድም እህት፣ የሰባት ፊልሞች ዋና አርታኢ ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን መስኮት ባለው፣ ነፋስ በሚገባበት ቤት ያሳርፍልን። ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ይስጥ። አስከሬናቸውን ዛሬ እንቀብራለን፤ ስማቸውን አንቀብርም።