የኦቦ ገመቹ ፓራውልት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ከደስታዬ ብዛት ምሳ እንኳን አልበላሁም። ኦቦ ገመቹ ትናንት የአሮጌ ታክሲያቸውን የፊት ፓራውልት፣ ያንን የግጭት መከላከያ ብረት፣ እንድወለውልላቸው ወደ መሥሪያ ቦታዬ አምጥተውልኝ ነበር። እሑድ ልጃቸውን ድረው ወደ ቆቃ የሚሸኟት በዚያችው መኪና ነው።

ጠዋት ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ «የሽቦ ብሩሽ ውሰጂ፣ ቶሎ ያነጣልሻል» ብሎ ታገለኝ። እኔ ግን የብረቱ የኒኬል ቅብ ስስ ስለሆነ እንዳይላጥብኝ ፈርቼ ለስላሳውን የጨርቅ ሞላ፣ በሞተር እየተሽከረከረ የሚወለውለውን፣ ከነማወልወያ ቅባቱ ገዛሁ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ሞከርኩት። ጥቁረቱ ለቆ እንደ መስታወት ሲያበራ ብቻዬን እልል አልኩ!

ከሰዓት ኦቦ ገመቹ መጡ። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አዩበትና «ለካ አርጅቻለሁ፣ ልጄ!» ብለው ሳቁ። ቆይተው ደግሞ «እናቷ ይችን ቀን ብታይልኝ...» አሉ፤ አልጨረሱትም።

ሞላውን አስነስቼ ገና ያልተወለወለውን ሌላኛውን ጎን ጀመርኩላቸው።